ለየኔታ የተገዛ ባትሪ

አልጣሽ ለባትሪ ብላ ደርቤ ሱቅ ስትመጣ ይህ ሦስተኛዋ ነው። ደርቤ ደባርቅ መናኸሪያ አጠገብ የእጅ ባትሪና ቻርጀር፣ የሬዲዮ አንቴናና የስልክ መስታወት የሚሸጥ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። ገና በሩ ላይ ሲያያት ሳቀባት።

«ደግሞ ምን ሆነ? ያንንም አስቸገሩት እንዴ የኔታ?»

አልጣሽ አልሳቀችም። ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ ባትሪውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው። ኋላው ተከፍቷል፤ ውስጡ ባዶ ነው።

«ድንጋዩን አውጥተው ኪሳቸው ከተቱት» አለች። «ለሌሊቱ የሰዓታት ጸሎት ይሆነናል ብለው።»

ደርቤ ሌላ ቀልድ ሊጨምር ነበር፤ ፊቷን አይቶ ተወው።

የኔታ ወልደ ሩፋኤል የአልጣሽ አባት ናቸው። አምባራስ ላይ ዕድሜ ልካቸውን ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ መሪጌታ ናቸው፤ በዚያ አገር በእሳቸው እጅ ያላለፈ ዲያቆን ማግኘት ያስቸግራል። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ግን ሐሳባቸው እየሸሸ ሄደ። መጀመሪያ የሰው ስም፣ ከዚያ ቀኑ፣ ከዚያ ምሳ መብላት አለመብላታቸው ጠፋባቸው። ዜማው ብቻ አልጠፋም፤ ጾመ ድጓውን ከየትም ቢጀምሩላቸው ተቀብለው ያወርዱታል። አልጣሽ ብቻቸውን መተው አልሆንላት ሲል ደባርቅ አምጥታ እቤቷ አስቀመጠቻቸው።

ችግሩ የሚመጣው ማምሻውን ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የኔታ ይነሣሉ። ጥምጣማቸውን ያስተካክላሉ፣ ጋቢያቸውን ይደርባሉ፣ መቋሚያቸውን ያነሣሉና ወደ አምባራስ ቤተ ክርስቲያን ለአገልግሎት ይወጣሉ። አምባራስ ከደባርቅ በምሥራቅ በኩል ነው፤ በእሳቸው እግር አንድ ቀን የሚበቃው መንገድም አይደለም። እሳቸው ግን የሚይዙት የሰሜኑን፣ የሊማሊሞን መንገድ ነው። ሊማሊሞ ደግሞ በቀን በመኪና ሲወርዱት እንኳ ሰው ዓይኑን የሚጨፍንበት ገደል ነው።

ወንድሟ ልደቱ ከባሕር ዳር ደውሎ «ቆልፊባቸው» አላት። በስልክ መምከር ምን ይከብዳል! ቆለፈችባቸው። ስትመለስ በሩ ሥር ተቀምጠው አገኘቻቸው፤ በሩን ከመደብደብ ብዛት መዳፋቸው አብጧል። «ምን በድያችሁ ነው?» አሏት፣ እንደ እስረኛ ቀና ብለው እያዩ። አልጣሽ ያን ሌሊት ስታለቅስ አደረች። ከዚያ ወዲህ ቁልፉን አልነካችውም።

አብራቸው እንዳትሆን እንጀራዋ ወፍጮ ቤት ነው። እህል መዝና ትቀበላለች፣ ዱቄት ታስረክባለች። መብራቱ ደግሞ ቀን ሲጠፋ ውሎ ማምሻውን ይመጣል፤ ልክ የኔታ በሚነሡበት ሰዓት ወፍጮውም ይነሣል። ይህን ያቀናበረውን ሰው አልጣሽ ብታገኘው የምትለው ነበራት።

ባትሪ ያሰበችው በዚህ ጊዜ ነው። እሳቸው እንዲያዩበት ሳይሆን እንዲታዩበት። ወፍጮ ቤቱ ከፍታ ላይ በመሆኑ ከበሩ ሆኖ የሊማሊሞ መንገድ እስከ መታጠፊያው ድረስ ይታያል። አንገታቸው ላይ የሚበራ ነገር ካለ የት እንደደረሱ ታውቃለች፤ ሮጣም ትመልሳቸዋለች።

የመጀመሪያውን ባትሪ ከማተባቸው ጎን በገመድ አንጠልጥላ አበራችላቸው። ገና ከግቢው ሳትወጣ አጠፉት። ምን ይደረግ? የኔታ የባትሪ ድንጋይ ብርቅ በነበረበት ዘመን የኖሩ ሰው ናቸው። የደከመ ድንጋይ ግንብ ላይ ለፀሐይ ያሰጡ ነበር፤ በጥርሳቸው ነክሰው የመጨረሻዋን ብርሃን ይጨምቁበት ነበር። የልጃቸውን ስም ቢረሱ በከንቱ የሚበራ ባትሪ ማጥፋት አይረሱም። ሁለተኛውን ደርቤ «ቁልፉ ጠንካራ ነው፣ ጣታቸው አይችለውም» ብሎ ሰጣት። እነሆ ጣታቸው ኋላውን ፈታው።

ደርቤ አሁን መደርደሪያውን ያገላብጥ ጀመር። «የግንባሯስ? ቱሪስቶቹ የሚያስሯት?»

«ጥምጣማቸውን አውልቀው? አያደርጉትም።»

ቁልፍ መያዣ ላይ ያለችውን አሳያት፤ ብርሃኗ ወፍጮ ቤት አይደርስም። ትልቁን አነሣ፤ አንገታቸውን ይሰብረዋል። በመጨረሻ አውራ ጣት የምታህል ጥቁር ባትሪ ከሳጥን አወጣ። «ይቺ ድንጋይ የላትም፤ በቻርጅ ነው። በእጅም አትፈታም።»

«ቁልፉስ?» አለች አልጣሽ።

ደርቤ ትንሽ አሰበና በመፍቻ ከፈታት። ብየዳውን አግሎ ሽቦና ሽቦውን ያለ ቁልፍ አገናኘና መልሶ ዘጋት። ቢጫኗት፣ ቢጫኗት ትበራለች። «በቃ» አለ ኮራ ብሎ። «ቻርጅ እስካላት ድረስ እግዜር ካላጠፋት ማንም አያጠፋት።»

ያን ዕለት አልጣሽ ባትሪዋን አንገታቸው ላይ ስታስርላቸው የኔታ ቁልፉን ተጫኑት። አልጠፋም። ደገሙት። በጋቢያቸው ሸፈኗት፤ በጋቢው አልፋ በራች።

«ይቺ አትጠፋም?» አሏት።

«አትጠፋም፣ አባባ።»

በመዳፋቸው ይዘው አገላበጧት። ይህን አልጣሽ እሺ እንዳሉ ቆጥራ ደስ አላት።

ለጥቂት ቀናትም ነገሩ ሠመረ። ወፍጮው እየጮኸ እሷ በሩን ብቅ እያለች ታያለች፤ ብርሃኗ መንገድ ስትጀምር ሥራውን አብራት ለምትሠራው ለሠርካለም አደራ ብላ ትሮጣለች። «አባባ፣ ዛሬ አገልግሎት የለም ተብሏል» ትላቸዋለች። አባቷን ማታለሉ ቢያስጨንቃትም እየተከተሉ ይመለሱላታል። ከስንት ጊዜ በኋላ እንቅልፍ ወሰዳት።

አንድ ማምሻ ወፍጮ ቤቱ ሞልቶ እህል የያዘ ሰው እስከ ውጭ ተሰልፏል። አልጣሽ ብቅ ብላ አየች። ብርሃኗ በመንገዱ ዳር ካለው የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆማለች። ቆይታ አየች፤ አሁንም እዚያው ናት። «ተመስገን፣ ደጀ ሰላሙን ተሳልመው ተቀምጠዋል» አለችና ወደ ሚዛኗ ተመለሰች። ሰልፉን እስክትጨርስ ድረስ ደጋግማ አየች፤ ብርሃኗ ንቅንቅ አላለችም። አልጣሽ እንዲያውም እየዘፈነች ነበር ዱቄት የምታስረክበው።

ጨርሳ ሚካኤል ስትደርስ ባትሪዋ በሩ ላይ ባለ ምስማር ተሰቅላ ትበራለች። ከሥሯ ሰው የለም።

ዘበኛው ቻላቸው ከጎጆው ወጣ። «ሰጥተው ሄዱ እኮ» አላት በደስታ። «‹የማይጠፋ መብራት ሰው አንገት ላይ አይንጠለጠልም፤ የቤተ ክርስቲያን ነው› ብለው ራሳቸው ሰቀሉት። መርቀውኝም ሄዱ።»

«በየት?»

«እሱንስ አላየሁም፤ ጨልሟል።»

አልጣሽ ያን ሁሉ ጊዜ ስትጠብቅ የቆየችው አባቷን ሳይሆን ምስማሩን ነበር። ራሷን ጠላች፣ ደርቤን ጠላች፣ ልደቱን ጠላች፤ የሚጠላ ሰው ሲያልቅባት ጮኸች። ጩኸቷን ሰምቶ ምስክር የሚባል የሰፈሩ ባጃጅ ነጂ ቆመላትና ወደ ሊማሊሞ ነዱ።

ያገኟቸው ቁልቁለቱ በሚጀምርበት መታጠፊያ ላይ ነው። የመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ አንድ ጫማቸው የለም፣ እግራቸውን ወደ ገደሉ ሰድደው ዜማ ያወርዳሉ። ምስክር ሞተሩን አጠፋ። አልጣሽ መጣራት ፈራች፣ መሮጥም ፈራች። ቀስ ብላ ከኋላ ሄዳ በሁለት እጇ አቀፈቻቸው። አልደነገጡም።

«ሰዓቱ ደረሰ እንዴ?» አሉ።

ሲነጋ ባትሪዋን ልትለምን ወደ ሚካኤል ሄደች። ገበዙ ቄስ ሰይፈ ሥላሴ ነገሩን ሰምተው «ውሰጂያት ልጄ፤ እግዚአብሔር በዚህ አይቀየምሽም» አሏት። እጇን ዘረጋች። ባትሪዋ ሌሊቱን ቻርጇ አልቆ ጠፍታለች። ብትወስዳት ዳግመኛ አንገታቸው ላይ ልታስራት ነው፤ እሳቸውም ዳግመኛ እዚህ ሊሰቅሏት ነው። እጇን ሰበሰበች።

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። የኔታ ግን በማግስቱ በዚያ ሲያልፉ ምስማሩን አይተው «መብራቴ ጠፋች» ብለው እንደ ልጅ አለቀሱ። እሱን አልረሱትም! አሁን አልጣሽ በየቀኑ ባትሪዋን ወፍጮ ቤት ወስዳ፣ መብራት ቀደም ብሎ ከመጣ ቻርጅ አድርጋ ትሰቅላለች። መብራት ከዘገየ የኔታ ያለቅሳሉ።

ማምሻውን የሚሠራውን ሥራ ለሠርካለም ለቀቀች። ደርቤ ጋ ሄዳም ድንጋይ የሚገባበት፣ ቁልፉ ቀላል የሆነ ባትሪ መረጠች።

«ይኼስ ጠፍቶ ያስቸግርሻል» አላት።

«ለራሴ ነው» አለችው።

አሁን ማምሻውን አባትና ልጅ አብረው ይወጣሉ። እሳቸው ከፊት መቋሚያቸውን ይዘው፣ እሷ ከኋላ እያበራች። ሲደክማቸው ትመልሳቸዋለች፤ የሚደክማቸው ግን ቶሎ አይደለም። በቀደም ሚካኤልን ካለፉ በኋላ ቆም ብለው ዞሩ። የማን ልጅ እንደሆነች ለማወቅ የሚሞክሩ ይመስል ፊቷን አተኩረው አዩ።

«አጥፊው እንጂ ልጄ» አሏት በርኅራኄ። «ድንጋዩ ያልቅብሻል። መንገዱን እኔ አውቀዋለሁ።»

ፊት ለፊታቸው ያለው የሊማሊሞ መንገድ ነው። አልጣሽ ባትሪውን አጠፋችና የጋቢያቸውን ጫፍ ይዛ ተከተለቻቸው።