የመስኮቱ ጥግ ኮምፒውተር

የልጅ ልጄ ክረምት ላይ ታማ ከሞተች ወዲህ፣ በትምህርት ቤቷ የኮምፒውተር ክፍል የመስኮቱ ጥግ ባዶ ቀረ። ልጆቹ በአንድ ኮምፒውተር ሦስት ሆነው ይጋፋሉ እንጂ እሷ ቦታ አይቀመጡም። ኮምፒውተሩ ማንም ሳይነካው ይበራል ይላሉ አሉ።

እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍሁም፤ የወላጆች ኮሚቴ ውስጥ ግን ነበርሁ። አንድ ቀን መምህሩ ለኮምፒውተር ትእዛዝ መጻፍ የሚያስተምሩ ሁለት ፕሮግራሞች አምጥቶ ምረጡ አለን። አንደኛው በኢንተርኔት ነው፤ በስልክም ይከፈታል። ሁለተኛው እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ተጭኖ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

"የስልኩ ይሻላል፤ ልጄ ቤትም ይለማመድበታል" አለ አጠገቤ የተቀመጠው ነጋዴ።

"ያንተ ልጅማ ይለማመዳል። ከገጠር በሶዋን ይዛ መጥታ ቤት የተከራየችው በምን ትለማመድ? በበሶዋ?" አልሁት።

"እሜቴ፣ አንዷ ስልክ ስለሌላት ሁሉም ይቅርበት ነው የሚሉት?"

"እኩል ይጀምሩ ነው የምለው።"

ሳቁብኝ፤ እጅ ሲወጣ ግን የበዛው ከእኔ ጋር ወጣ።

ስንበተን መምህሩ አስቀረኝ። "እማማ፣ ኮምፒውተሮቹ አሮጌ ናቸው። አዲሱን ለመጫን ያለው ሁሉ መጥፋት አለበት። የልጅ ልጅዎ ሥራም እዚያ ነው።"

ወስዶ ከፈተልኝ። መስታወቱ ላይ የተሣለች ትንሽ ኤሊ ብቅ አለች። እየተጎተተች በመስመር ግድግዳ ሠራች፣ ጣራ ከደነች፣ በሩ ግማሽ ላይ ስትደርስ ቆመች። የልጅ ልጄ ያዘዘቻት እስከዚያ ነበር። እንደገና አስከፈትሁት። እንደገና እዚያው ቆመች።

"በፍላሽ ልገለብጥልዎት እችላለሁ፤ ግን አዲሱ ፕሮግራም አይከፍተውም" አለ። "እዚህ የሚቀመጥ የለም። ይህን አንዱን ልተወው?"

ተወው ልል አፌን ከፈትሁ። ያ ነጋዴ ቢሰማ ምን ይለኝ ነበር? ሦስት ሆነው የሚጋፉት ልጆችስ?

"አጥፋው" አልሁት።

አዲሱ በተጫነ ማግስት ሄጄ፣ ልጆቹ እያዩኝ እዚያ ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። ቆይቼ ተነሣሁና ከገጠር የመጣች አንዲት ልጅን እጇን ያዝሁ።

"ነይ፣ ወንበሩን አሙቄልሻለሁ" አልኋት። ጫፉ ላይ ተቀመጠች፤ እኔን አየች፤ ከዚያ ወደ ኋላ ገፋ ብላ ተደላደለች።

መምህሩ ሥራዋን የገለበጠልኝ ፍላሽ በነጠላዬ ጫፍ ተቋጥሮ አለ። ክረምት ገብቶ ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ሲጀምር ኤሊዋ ያልጨረሰችው ያ በር ክፍቱን ያለ ይመስለኛል፤ ተነሥቼ የራሴን እዘጋለሁ።