ለፔትሬል የተቆረጠላት ዋጋ

ግሬም ፔንግሊ የፕላስቲክ መዶሻውን ይዞ ብቅ ሲል፣ ባለጀልባዎች ወሬያቸውን ያቋርጡ ነበር። በእኛ በአውስትራሊያዋ ደሴት በታዝማኒያ ደቡብ አሮጌ ጀልባ የሚሸጥም የሚገዛም እሱን ያስጠራል። በወጣትነቱ ጀልባ አናጺ ነበር፤ ጀርባው እምቢ ሲለው ዋጋ ገማች ሆነ። ሰውየው ደግ ነው። በዋጋ ጉዳይ ግን ለእናቱም አያዳላም ይሉታል። ጀልባዎችን ከውኃ የሚጎትተውን ዊንች የማንቀሳቅሰው እኔ ስለሆንኩ፣ ሥራውን ብዙ ጊዜ አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ።

የልብ ጓደኛው ትሬቨር ይባላል። የፖም እርሻውን ሸጦ ፔትሬል የምትባል ባለ ሁለት ሞተር፣ ውስጧ የሚታደርባት ጀልባ ገዝቶ ነበር። ያኔም አዲስ አልነበረችም። እሱና ሚስቱ ሮዝሊን በጋ በመጣ ቁጥር በብሩኒ ደሴት ዙሪያ ይሰነብቱባት ነበር። የግሬም ሚስት ከሞተች ወዲህ ደግሞ እሱም ሦስተኛ ሆኖ አብሯቸው ይወጣ ጀመር። ዓሣ የሚያጠምደው ትሬቨር፣ የሚጠብሰው ግሬም፣ በሁለቱም የምትስቀው ሮዝሊን ነበረች።

ኋላ የሮዝሊን ጉልበት ከዳት። ጀልባዋ ላይ መውጣት ቀርቶ ኮረብታው ላይ ያለው የቤታቸው ደረጃም ይፈትናት ጀመር። ፔትሬልን ሸጠው፣ ሎንሰስተን ከተማ ልጃቸው አጠገብ ደረጃ የሌለው ቤት ሊገዙ ተስማሙ።

ትሬቨር ዋጋ እንዲቆርጥላት ወደ ግሬም መጣ። «እሁድ ና። ሦስታችን ብሩኒ ደርሰን እንመለስ። ሮዝን ግራና ቀኝ ደግፈን እናወጣታለን፤ ምሳ እሷ ትይዛለች። ሰኞ እንደፈለግህ ቀጥቅጣት።»

«አልመጣም።»

«ምን ሥራ ይዞህ?»

«ሥራ አልያዘኝም። እሁድ የሮዝን ምሳ በልቼ ሰኞ ጀልባዋን በንጹሕ ዓይን ላያት አልችልም። መጀመሪያ ከውኃ ትውጣ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ሳንሰማ ዳኛ ሆነህ ተሾምክ እንዴ?» ብሎ ሳቀ ትሬቨር። ሳቁ ግን ከአንገት በላይ ነበር።

እኔ ነኝ ጎትቼ ያወጣኋት። ትሬቨር ቀለም ቀብቷት፣ እንጨቷን ቫርኒሽ አድርጎ፣ ሙሽራ አስመስሏት ነበር። ግሬም ቀለሙን አላየም። ከታች ጀምሮ እያንኳኳ ጆሮውን ደቅኖ ዞራት። የታችኛው አካሏ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። ላይኛው ወለል ላይ፣ መስኮቶቹ አጠገብ ሲደርስ ግን መዶሻው እርጥብ ካርቶን የሚመታ መሰለ። ከወለሉ ሥር ያለው ኮምፔንሳቶ ውኃ ጠጥቷል። የቀኙ ሞተር ሳይሞቅ ሲነሳ ነጭ ጭስ ተፋ። አንደኛው የናፍጣ ታንከር ዝጓል፤ እሱን ለማውጣት ደግሞ መጀመሪያ ሞተሩ መውጣት አለበት። ሮዝሊን መኪና ውስጥ መስኮቱን ከፍታ ተቀምጣ ታየን ነበር። ሻይ በፔርሙስና ሳንድዊች ላከችልን። እኔ በላሁ። ግሬም «ስጨርስ» አለ፤ ሲጨርስም አልቀመሰውም።

ሊመሽ ሲል እጁን ጠርጎ፣ ትሬቨር ፊት ቆመ።

«ሰባ ሺህ ዶላር» አለው።

ትሬቨር የጠበቀው መቶ ስልሳ ነበር። «ትቀልዳለህ።»

«በዚህ አልቀልድም።»

«ለአዲሱ ራዳር፣ ለቀለሙ ስንት እንዳፈሰስኩ እያወቅህ?»

«አውቃለሁ። የሚገዛት ሰው ግን ያንተን ወጪ አይገዛም። ወለሉን ገንጥሎ፣ ሞተር አውርዶ፣ ታንከር ለውጦ ነው ባሕር የሚወጣው። ያን ሁሉ ከኪሱ ነው።»

«ኢንተርኔት ላይ እኩዮቿን መቶ ሰባ ይላሉ!»

«ይላሉ። በዚያ ዋጋ የተሸጠች አንድ አሳየኝ። አምና ሆባርት ላይ እንደ እሷ ያለችው በሰማንያ ሄደች፤ ያቺውም ወለሏ ደረቅ ነበር።»

«ስንት ዓመት በልተህ የጠጣህባትን ጀልባ!» አለ ትሬቨር። «ለማታውቀው ሰው እንኳ እንዲህ አትናገርም።»

«ለሁሉም አንድ ነው የምናገረው።»

«እሱን ነው የምልህ።»

ሮዝሊን ከመኪናው ሆና «ትሬቭ፣ ሰባውን ይዘን እንሂድ በቃ» አለች።

«ተይኝ ሮዝ! በነጻ አልሰጣትም።»

ከዚያ ወዲያ ሁለቱ መነጋገር አቆሙ። ከከተማ የመጣ ደላላ ፔትሬልን አሞጋግሶ፣ መቶ ስልሳ አምስት ጠይቆ ማስታወቂያ አወጣላት። ገዢዎች መጡ። ቀለሟን ወደዱት፤ ከዚያ የራሳቸውን ገማች አምጥተው አስፈተሿት፤ ከዚያ ጠፉ። አንድ ክረምት አለፈ። ዝናቡ በመስኮቶቹ ጠርዝ እየሰረገ ወለሏን አበሰበሰው። ትሬቨር ዋጋውን በቀነሰ ቁጥር እሷም አብራ ትቀንሳለች።

በሁለተኛው ክረምት ሮዝሊን ከቤታቸው ደረጃ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። ሆስፒታል ሳለች ሳንባዋ ታመመ፤ ሳትመለስ ቀረች።

ቀብሯ ላይ ግሬም ከሁሉ ኋላ፣ በር አጠገብ ቆሞ ነበር። ትሬቨር ራሱ መጣና «ልክ ነበርክ። ሰባ ነበረች» አለው።

«ምነው ተሳስቼ በነበረ» አለ ግሬም።

ከቀብሩ በኋላ ግሬም እኔ ጋ እየመጣ የሚቀመጥበት ጊዜ በዛ። አንድ ቀን ሳልጠይቀው ነገረኝ። «ዋጋውን ዛሬም ብትጠይቀኝ ያው ነው። ግን ሆባርት ሌላ ገማች ሞልቷል። እሱን ጠርቼ እኔ ጓደኛቸው ሆኜ መቅረት እችል ነበር። እሁድ አብሬያቸው መውጣት እችል ነበር። ደግሞ ሳልቀመጥ፣ እንደ ባዕድ ቆሜ ነገርኩት። ሮዝ እየሰማች።»

«አንተ ባትነግረው ሌላው ይነግረው ነበር» አልኩት።

«አዎ። ሌላው ይንገረው ነበራ!»

ፔትሬልን ከሰሜን የመጡ አናጺና ነርስ ባልና ሚስት በአርባ አንድ ሺህ ገዟት። ከመግዛታቸው በፊት እንዲገምትላቸው ግሬምን ለምነውት ነበር። «እሷን አልነካም» ብሎ የሌላ ሰው ስልክ ሰጣቸው። ሥራ ሲመልስ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ትሬቨር ሎንሰስተን ልጁ ጋ ሲገባ ዕቃውን የጫነለትም ያደረሰለትም ግሬም ነው። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ይደዋወላሉ። ስለ እግር ኳስ ይጨቃጨቃሉ፤ ትሬቨር የልጁን ባል ሥጋ መጥበስ አያውቅም እያለ ያማል። የፔትሬልን ስም ግን እሱም አያነሳ፣ ግሬምም አይጠይቅ። ስልኩን ከዘጋ በኋላ ግሬም ወደ ባሕሩ ዞሮ ይቀመጣል። እኔም ዊንቹን ዘይት እቀባለሁ።