ቁልፍ የሌለው በር

ልጅ ሳለሁ፣ ከሮብ ገበያ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኘው መንደራችን ሲመሽ ብርዱ ከጮቄ ተራራ ላይ ስለሚወርድ፣ ሁላችንም ምድጃውን ከበን፣ የኩበቱ ጭስ ዓይናችንን እያስነባው አያቴን እንጠብቃቸው ነበር። አያቴ በወጣትነታቸው ቅኔ ቤት ትንሽ ቆይተው የተመለሱ ገበሬ ነበሩ፤ ተረት ሲጀምሩም አንድ ቃል ይዘው፣ ፍም እንደሚቆሰቁስ ሰው፣ ከወዲህም ከወዲያም ያገላብጡታል። ያን ምሽት የያዙት ቃል «ደወል» ነበር።

«ደወል ይሄ የምንሰማው ነው» አሉ። «በግዕዝ ግን ወሰንም ደወል ይባላል። ለምን ይመስላችኋል?»

ከዚያ በጠብ ሰው ገድሎ ስለሸሸ አንድ ሰው አወሩን። የሟች ወንድሞች ጦር ይዘው እግር በእግር ሲከተሉት ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ገብቶ ደወሉን መትቶ ተማጠነ። ወንድማማቾቹ ደጁ ላይ ደረሱ፤ ጦራቸውን መሬት ላይ ተክለው ቆመው አለቀሱ። ሽማግሌ ገብቶ ነገሩ በካሣ እስኪያልቅ ድረስ አንዳቸውም ደጁን አላለፉም።

«በሩ ተቆልፎባቸው ነው አባባ?» አልኳቸው።

«በሩ መቼ ተዘጋና!»

የኩራዙ ብርሃን ፊታቸው ላይ ይወዛወዝ ነበር፤ እኔን ግን ጥያቄው አልለቅ አለኝ። ወንድሙ የሞተበትን፣ ጦር የያዘን ሰው፣ ያልተዘጋ በር የሚያቆመው ምን ቢሆን ነው?

ብዙም ሳይቆይ ውሻችን መቻል የጎረቤታችንን የአያ ሞላን ጠቦት ነክሶ ገደለ። አያ ሞላ ዱላውን ይዞ «ዛሬ ሳልገድለው አልመለስም!» እያለ ሲመጣ፣ የመቻልን ገመድ ይዤ ወደ ቤተ ክርስቲያን በረርኩ። ደጁ ጋ ስደርስ ግን ክው አልኩ። ውሻ ቅጥር አይገባም! ይህን የማያውቅ የአገራችን ልጅ የለም። ቢጨንቀኝ መቻልን ውጭ ትቼ እኔ ገባሁና፣ ገመዱን በአንድ እጄ እንደያዝኩ በሌላው ደጁ አጠገብ የተሰቀለውን ደወል መታሁት፣ መታሁት።

አገሩ ሁሉ ሰው የሞተ መስሎት ነጠላውን አዘቅዝቆ እየሮጠ መጣ።

«ኧረ ለውሻ ደግሞ ደወል!» አለ አያ ሞላ እያለከለከ። «እሷ ገብታለች፤ እሱ አልገባም። ልቀቂው አንቺ!»

ሰው ሳቀ። የደብሩ ቄስ ግን አልሳቁም። ገመዱን ከመቻል አንገት ጀምረው እስከ እጄ ድረስ በዓይናቸው ተከተሉት።

«ጫፉ ግን ገብቷል» አሉ ቀስ ብለው።

አያ ሞላ ዱላውን እንዳነሳ ቆመ። በእሱና በመቻል መካከል ምንም አልነበረም፤ ውሻው እንዲያውም እግሩ ሥር ተኝቷል። «ደወል ተመትቶ ዱላ ካሳረፍኩማ፣ ነገ እኔስ ቢጨንቀኝ የት እደርሳለሁ?» አለና ዱላውን መሬት ላይ ተከለው። ልክ እንደ ተረቱ!

እፎይ ልል ስል አያቴ ከሰው መሀል ወጥተው «ደወሉ ጊዜ ሰጠሽ እንጂ ጠቦቱን አላስነሳም» አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። እሳቸው የሰጡኝ አንዲት ነጭ ግልገል ነበረችኝ። እያለቀስኩ ራሴ ወስጄ ለአያ ሞላ አስረከብኩ።

ዛሬ ደብረ ማርቆስ ነው የምኖረው። የሕግ ትምህርት ቤት ባልገባም ያገኘሁትን የሕግ መጽሐፍ አነባለሁ፣ ያነበብኩትንም ሻይ ቤት ለተገኘ ሁሉ ካላስረዳሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። የሕዝብ ተወካይ ያለመከሰስ መብት አለው፤ መቅደስ የሚገባው ካህን ብቻ ነው፤ ሽማግሌ ሲመጣ ወንበር እንለቃለን። ሰው እንዲህ ያለው ልዩ መብት የባለቤቱ ጉልበት ይመስለዋል። እኔ ግን ደጁን አይቻለሁ! ጉልበቱ የሚገኘው መግባት እየቻሉ ውጭ በሚቆሙት ዘንድ ነው፤ ውስጥ ያለውም ስለቆሙለት የሚከፍለው ግልገል አለው።

አያ ሞላ ግልገሏን «ደወሌ» ብሎ ሰየማት። አመሻሹ ላይ «ነይ ደወሌ! ደወሌ!» እያለ ሲጠራት፣ መቻል ጆሮውን ቀጥ አድርጎ እስከ ግቢያችን በር ይሄድና እዚያው ይተኛ ነበር።

በራችን ክፍት ነበር። አንድ ቀንም አልወጣም።