በወይራ የታጠነ ቺቻ

ጎረቤቴ ክትፎዬን በላችልኝ፤ እኔ ጥሬ ዓሣዋን አልበላሁላትም። ይህ ነገር ከአንድ ዓመት በላይ ሲከነክነኝ ኖሯል። እኩል ያልሆነ ነገር አይዋጥልኝም።

በፈረንጆቹ 2020 መጀመሪያ ላይ ልጄን ልጠይቅ ላስ ቬጋስ መጣሁ። ሦስት ወር ቆይቼ ልመለስ ነበር። ሁለት ወር ሳልሞላ የኮሮና በሽታ ገባ፣ በረራዬ ተሰረዘ፣ ልጄ የምትሠራበት ሆቴልም ተዘጋ። ዊንቸስተር በሚባል ሰፈር፣ በልጄ ትንሽ አፓርታማ፣ እሷ ስልኳን እኔ ግድግዳውን እያየን ከረምን። አገር ሊያይ የመጣ ሰው ግድግዳ ማየት ምን ያደርግለታል?

ከፊት ለፊታችን ያለው በር የአንዲት የፔሩ ሴት ነው። እሷም እዚያው ሆቴል ክፍል ታጸዳ ነበር፤ ከልጄ ጋር ባንድ ቀን ነው ቤት የዋሉት። በዕድሜ አሥር ዓመት ያህል ታንሰኛለች፤ አጭር፣ ደልዳላ፣ ሳቂታ ናት። እሷ አማርኛ አታውቅ፣ እኔ ስፓኒሽ አላውቅ፤ እንግሊዝኛችንም የሁለታችን ተደምሮ ለአንድ ሰው አይበቃም። የየበራችንን ደፍ ይዘን፣ ኮሪደሩን በመካከላችን ትተን፣ ማስካችንን አድርገን እንቀመጥ ነበር። የምናወራው ስለ ምግብ ነው፤ ምግብ በእጅም ይነገራል። ነገሩ ሲጠነክር ልጄን እንጠራታለን፤ ስፓኒሽ ከሥራ ባልደረቦቿ ለምዳለች።

መጀመሪያ ያቀበለችኝ በዘይትና በጨው የተቆላ በቆሎ ነው። አንድ ፍሬው ጥርስ ያክላል፤ ውጪው ይንኮሻኮሻል፣ ውስጡ ዱቄት ነው። "ይሄማ ቆሎ ነው" አልኳት፤ ገብቷት ይሁን ሳይገባት "ቆሎ፣ ቆሎ" እያለች ጨመረችልኝ። በሌላ ቀን ረፋዱ ላይ ጥቁር የወይን ጠጅ የሚመስል ነገር በትልቅ ብርጭቆ ይዛ ወጣች። በጠዋት አልኮል አልቀምስም ብዬ በእጄ መለስኩት። ገብታ የበቆሎ ራስ ይዛ ተመለሰች፤ ከፍሬው እስከ ቆረቆንዳው ሐምራዊ ነው። ይህንን ከአናናስ ልጣጭ፣ ከቀረፋና ከቅርንፉድ ጋር ቀቅላ፣ ሎሚ ጨምቃበት ነው። ያን ቀን ሁለት ብርጭቆ ጠጣሁ፤ ጣቴ ላይ የቀረው ቀለም እስከ ማግሥቱ አልለቀቀም።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ስነሣ የማስበው ዛሬ ምን ይዛ ትወጣ ይሆን ብዬ ነው። ድንች በቢጫ ቃሪያና በአይብ መረቅ አመጣች። ድንች ከእኛ አገር የወጣ ነው ስትል ልጄ ስልኳ ላይ ቼክ አደረገችና "እማዬ፣ እውነቷን ነው" አለችኝ። የበሬ ልብ በቃሪያና በኮምጣጤ ዘፍዝፋ፣ በቀጭን እንጨት ሰክታ ጠበሰችልኝ። እኔ ቤት ስንት በሬ ታርዶ ልቡን ሳልጠብሰው እንዳለፈኝ ሳስብ ተናደድኩ።

የፋሲካ ዕለት ክትፎ ሠራሁ፣ ጥሬውን። ዓይኗን ሳታሽ ሳህኑን ጠረገችው። በሳምንቱ እሷ ጥሬ ዓሣ በሎሚ አድርጋ አመጣች፤ ሴቪቼ ይሉታል። እኔ አየሁትና መለስኩት።

"ጥሬ በሬ ውጠሽ ይህን ትንሽ ዓሣ ትፈሪያለሽ ወይ ትላለች" አለች ልጄ።

"በሬ ሣር ነው የሚበላው። ዓሣ ምን እንደሚበላ ማን ያውቃል?"

ጎረቤቴ ይህ ሲተረጎምላት ከወንበሯ ልትወድቅ እስክትደርስ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ባየችኝ ቁጥር መዳፏን እንደ ዓሣ እያወዛወዘች ወደ አፍንጫዬ ታስዋኘዋለች። እኔም ደጋግማ ብታመጣው ደጋግሜ መለስኩት።

በዓመቱ መጨረሻ፣ ብርዱ ሲገባ፣ በሽታው እሷንም ያዛት። ሾርባ በሯ ላይ እያስቀመጥኩ ሰነበትኩ። ዳነች፤ ማሽተት ግን አልተመለሰላትም። ምላሷ ይሠራል፣ አፍንጫዋ ዝም አለ። ድስት ከጣደች በኋላ ከፍታ ታስሸትተኛለች፤ አውራ ጣቴን ካነሣሁ ታወጣዋለች። "አፍንጫዬ ሴኞራ ናት" እያለች ለልጄ ትነግራት ነበር፤ ሴኞራ የምትለው እኔን ነው።

በ2021 ጸደይ ሆቴሉ ልጄን መልሶ ሺፍት ሰጣት። ጎረቤቴን አልጠራትም። ልጄ "ሲኒየሪቲ ነው፣ ቀድሞ የተቀጠረ ቀድሞ ይጠራል" ብላ ልታስረዳኝ ሞከረች፤ እኔ ግን አብረው የወጡ አብረው ለምን አይገቡም ብዬ ሦስት ቀን ስጨቃጨቃት ቆየሁ። ያን ሰሞን አንድ የፔሩ ምግብ ቤት ተዘግቶ ከርሞ ሊከፍት፣ ወጥ ሠሪ እንደሚፈልግ ተሰማ። ባለቤቱ ከእሷ ክፍለ አገር፣ ከሰሜን ፔሩ ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ባለው እሑድ የአገራችንን የፍየል ወጥ ሠርተሽ ነይ አላት። ሥራውን ካላገኘች ቤቱን ለቃ ሌላ ስቴት እህቷ ሳሎን ውስጥ ልትጠጋ ነው። ይህን ስትናገር እጇን አላወዛወዘችም።

የዚያ ወጥ ሥጋ የሚዘፈዘፈው ቺቻ በሚባል የበቆሎ መጠጥ ነው። በየሱቁ ብንጠይቅ ዕቃው ከፔሩ መምጣት አቁሟል አሉን። ቤት እንዳትሠራው ደግሞ የሚያስፈልገውን በቆሎ አጣች። የቱን በቆሎ ብላት ስልኳን አቀበለችኝ። ሥዕሉ ላይ ጭራ ያወጣ፣ የደረቀ እህል አየሁ።

"ብቅል" አልኩ። ደረቴን መታሁ። "ልጄ፣ ንገሪያት። ይሄ ብቅል ነው። ይሄን እኔ ሳላውቀው ማን ያውቀዋል?"

የዚያን ዕለት ደስታዬን እንዴት ልናገረው። ዓመት ሙሉ እየቀመስኩ ስደነቅ የኖርኩበት አገር፣ እኔ የማውቀውን ነገር ሲፈልግ አገኘሁት። መጀመሪያ የገዛነው በቆሎ የተፈተገ ነበርና አልበቀለም፤ ሁለተኛው ደህና ነበር። አንድ ቀን ነክሬ፣ አጥልዬ፣ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ አስተኛሁት። ድንጋይ ስላጣሁ ልጄ የማታነሣቸውን የስፖርት ብረቶች ጫንኩበት።

"እማዬ፣ ሻወር የት ልውሰድ?"

"በቆሎው ሲነሣ።"

በአራተኛው ቀን ጭራ አወጣ። የልጄ መኪና ጣሪያ ላይ አንሶላ ዘርግቼ አሰጣሁት፤ የላስ ቬጋስ ፀሐይ ለብቅል የተፈጠረ ነው፣ በአንድ ቀን አደረቀው። ጎረቤቴ ፈጭታ፣ ግማሽ ቀን አፍልታ፣ አጠለለችው። የሚቀመጥበትን የሸክላ ማሰሮ አዘጋጅልሻለሁ ብዬ እኔ ወሰድኩ። አጠብኩት። ከዚያ ፓርኪንጉ ዳር አትክልተኛው ከቆረጠው የወይራ ዛፍ ጭራሮ ለቅሜ፣ በረንዳ ላይ አጭሼ፣ ማሰሮውን ደፋሁበት። ጭሱ ወደ ቤት ገብቶ አላርሙ ጮኸ።

"እማዬ፣ ፋየር ዲፓርትመንት ይመጣል።"

"ይምጡ፤ ሲደርስ እንቀዳላቸዋለን።"

ልጄ መስኮት ከፈተች እንጂ ለምን ታጥኛለሽ አላለችኝም። ለጎረቤቴም አልነገርናትም። ማሰሮውን አጥቤዋለሁ ብሎ ማን ያወራል? ቺቻው በደረሰ ጊዜ ቀምሳ ጎምዛዛነቱን ወደደችው፤ እኔ አሸተትኩና ሁለቱንም አውራ ጣቴን አነሣሁ። እሑድ ወጡ ሲወጣም እንደዚያው።

ልጄ ኦፍ ስለነበረች በመኪና ወሰደችን። ባለቤቱ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ፣ ቀጭን፣ ትሑት ሰው ነው። አንድ ማንኪያ ቀመሰ። አላመጠ። ማንኪያውን አስቀመጠና ለጎረቤቴ የሆነ ነገር አላት፤ ፊቷ ተለወጠ።

"ምን አለ?" አልኩ።

"ጭስ ጭስ ይላል፣ ድስቱ አርሮባታል አለ።"

"ምንም አላረረም።"

ልጄ አየችኝ። "እማዬ፣ ማሰሮው።"

ያን ጊዜ ገባኝ። አፍንጫ አድርጋኝ ነበር፤ የእኔ አፍንጫ ደግሞ ጭስ የሌለበትን መጠጥ ጎዶሎ ነው የሚለው። ተነሣሁ።

"ንገሪው። ማሰሮውን በወይራ ያጠንኩት እኔ ነኝ። እሷ አታውቅም።"

"እሷ እንዴት ሳይሸታት ቀረ ይላል።"

ልጄ ሳትመልስ ጎረቤቴ ራሷ መለሰችለት፤ አፍንጫዋን በጣቷ ነካች። ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። የእኔም አፍንጫ እስኪመለስ አራት ወር ፈጅቶበታል አለ፤ ነገር ግን ደንበኛዬ ይህን ጭስ አያውቀውም፣ የምፈርደው ባመጣችው ነው፣ ሌላ ሴት ደግሞ ቀጠሮ አላት አለ።

"እንዲህ በይው። የፈረድከው በእኔ ሥራ ነው። እኔ ደግሞ ሥራ አልጠየቅኩህም።"

"እማዬ፣ ቀስ በይ።"

"እንዳልኩት ተርጉሚ። እኔ ያልነካሁትን ነገር እዚሁ ፊትህ ትሥራ። ወጥ ቤትህ ይኸው፣ እጇም ይኸው።"

ልጄ ምን ያህሉን እንደተረጎመች አላውቅም። ሰውየው ከፍሪጅ አንድ ዓሣ አወጣና ከፊቷ አስቀመጠ።

እጇን ታጠበች። ዓሣውን በአውራ ጣት ልክ ቆረጠች፣ ጨው ነሰነሰችበት፣ ቀይ ሽንኩርቱን እንደ ክር ሰነጠቀችና አለቀለቀችው፣ ቃሪያ ከተፈች። ሎሚውን በአንድ እጇ እየጨመቀች በሌላው አገላበጠችው። ሁለት ጊዜ አባታችን ሆይ በሚያስደግም ጊዜ ውስጥ ዓሣው ያለ እሳት ዓይኔ እያየ ነጣ። በምላሷ ቀምሳ አንድ ቁንጣሪ ጨው ጨመረች። ከዚያ ሦስት ሳህን አቀረበች፤ ለሰውየው፣ ለልጄ፣ ለእኔ። መዳፏን አላወዛወዘችም፤ ቆማ አየችኝ።

ሰውየውም አየኝ። "እርስዎ አይበሉም ወይ ይላል" አለች ልጄ።

ተሟግቼ ያሠራሁትን እምቢ ብል ምን ዓይነት ጠበቃ ነኝ? ጎረስኩት። ቀዘቀዘ፣ ኮመጠጠ፣ ከዚያ ቃሪያው መጣ፤ ዓሣው ጠንከር ብሎ ጥርስ ሥር ይቆረጣል፣ የፈራሁት ሽታ የለም። ዓመት ሙሉ የመለስኩት ይህንን ነው? ሳህኑ ላይ የቀረውን መረቅ አንሥቼ ጠጣሁት። ሰውየውም የእሱን ጠጣና "ማክሰኞ መጀመር ትችላለች?" አለ።

ጎረቤቴ ክንዴን ጨበጠች። እኔ ግን አፌ አላረፈም። "ሌላዋስ?" አልኩ። "ቀጠሮ የሰጠሃት ሴት ድስቷን ተሸክማ እየመጣች አይደለም? የእሷን ሳትቀምስ?"

"እማዬ፣ በእመቤቴ ዝም በይ።"

"ተርጉሚ።"

ተረጎመች። ሰውየው መነጽሩን አወረደ፣ እውነት ነው አለ፣ ውጭ ጠብቁ አለን።

መኪናው ውስጥ ኤሲ ከፍተን ተቀመጥን። ጎረቤቴ ከኋላ ሆና በመስኮት ታያለች። አንዲት ወጣት ሴት ድስት ይዛ ገባች። እኔ ካልኩት አልመለስም፤ ዓይኔን ግን ከበሩ አልነቀልኩም። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሴትዮዋ ወጣች፤ በአንገቷ ሰላም ብላን ሄደች። ቀጥሎ ሰውየው የፍየሉን ድስት ይዞ ወጣ፤ በመስኮት ለጎረቤቴ አቀበላትና "ማክሰኞ" አለ። ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። ድስቱን ከፈተችው፤ ታጥቧል፣ ባዶ ነው።

"ወጡን ምን አደረገው?" አልኩ።

"በልቶታል" አለች ልጄ። "ለደንበኛ አይሆንም እንጂ ለእኔ ሆኗል ይላል።"

ከኋላ ወንበር አንድ መዳፍ እየዋኘ መጣና አፍንጫዬን ነከሰኝ።

ቤት ስንደርስ ጎረቤቴ ዛፉን አሳዪኝ አለች። ፓርኪንጉ ዳር ወስጄ አንድ ቅርንጫፍ ሰበርኩላት። አሸተተች፤ ራሷን ነቀነቀች፣ ምንም። ቅጠሉን ቀጥፋ አኘከችው፤ መረራትና እየሳቀች ተፋችው። ከዚያ ቅርንጫፉን ከባዶው ድስት ውስጥ ከትታ ወደ ቤቷ ይዛው ገባች።