ከሙዐዊያ ብስክሌት ላይ የተፈታችው

አለባቸው ሸዋ ሮቢት ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ዳር ብስክሌት ሲጠግን ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። ጎማ ይለጥፋል፣ ፍሬን ያጠብቃል። ቀልድ ደግሞ ነፍሱ ነበር። ከጥቅምት ወዲህ ግን ቀልዱም ጠፋ፣ እንባውም አልመጣ። ሲያቀርቡለት ይበላል፣ ሲያናግሩት ይመልሳል፤ ከዚያ ሌላ ምንም የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቀወት ሽንኩርት እየጫነ ገበያ የሚያመጣው ሙዐዊያ የብስክሌቱ የኋላ መጫኛ እንዲረዝምለት ፈለገ፤ በአንዴ ሁለት ጆንያ ሊጭን። አለባቸው ብረት አስበየደለት። አዲሱ ብረት ሲገጠም የመኪና መብራት ሲያርፍባት የምታበራው የኋላዋ ቀይ አንጸባራቂ ቦታ አጣች፤ ፈትቶ ወዲያ ጣላት።

«እሷስ?» አለው ሙዐዊያ።

«ጆንያው ይሸፍናት የለ! ለማን ልታበራ ነው፣ ለሽንኩርቱ?»

ተሳሳቁ። እዚህ አገር ሁሉም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ጭነት የሚያበዛ ብስክሌት ሁሉ ጀርባው ጨለማ ነው፤ ጆንያው ላይ አንዲት የምታብረቀርቅ ጨርቅ መስፋት ለማንም አልታየውም። ብልጠታችን ግን አያልቅም።

በስድስተኛው ቀን፣ ሲመሻሽ፣ አንድ የጭነት መኪና ሙዐዊያን ከኋላ ገጭቶ ገደለው። ሾፌሩ «ምንም አልታየኝም» ብሎ ማለ። ለቅሶ ቤት ሰዉ ሁሉ ሾፌሩን ሲረግም አለባቸው አብሮ አልረገመም። ሰውዬው እንዳልዋሸ ያውቃል።

ከዚያ ወዲህ የጫነ ብስክሌት ይዞ የመጣ ሁሉ፣ ጠየቀም አልጠየቀም፣ ጆንያው ላይ የሚያብረቀርቅ ጨርቅ ይሰፋለታል። እምቢ ላለው ብስክሌቱን አይመልስለትም። ሰዎች «እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው!» ይላሉ። ይሰማል፤ ግን ምንም አይሰማውም። ለሟቹ ሚስት ለሙሀባ እውነቱን መናገር አለበት። ሁለቴ እስከ በሯ ሄዶ ተመልሷል።

አንድ ሰኞ ጠዋት ሙሀባ ራሷ መጣች፣ የተጣመመውን ብስክሌት እየገፋች።

«ጋሼ አለባቸው፣ ወንድሜ ሸሪፍ ሊሠራበት ነው። ይጠግኑልኝ።»

እጁን አልዘረጋም። «ሙሀባ፣ የኋላ አንጸባራቂዋን የፈታኋት እኔ ነኝ። እሱማ ጠይቆኝ ነበር።»

ፊቷ አልተለወጠም። «አውቃለሁ። የዚያኑ ዕለት ነግሮኛል።»

«እና ለምን ዝም አልሽ?»

«ሁለት ጆንያ በአንዴ ጫን፣ ቶሎ ቤት ትገባለህ ያልኩት እኔ ነኝ» አለች። «እኔስ ለማን ልናገር?»

ብስክሌቱን ተቀበላትና የተጣመመውን ጎማ መፍታት ጀመረ። መፍቻው ግን አልያዝ አለው፤ ከጥቅምት ወዲህ ያልመጣው እንባ ዓይኑን ጋርዶት ነበር።