ስለ ሥራ እንዳታነሱባቸው

እኔ ጧሪ ያጡ አዛውንቶች በሚኖሩበት ቤት ልብስ አጣቢ ነኝ። ቤቱን ያቋቋሙትን ሴትዮ እኛ ሠራተኞቹ «እትዬ» እንላቸዋለን። አዛውንቶቹ ደግሞ በዕድሜ ልጃቸው በሚሆኑት ሴት ላይ እየቀለዱ «እማማ» ነው የሚሏቸው። «አቤት ልጆቼ» ብለው ሲመልሱላቸው ቤቱ በሳቅ ይሞላል።

እትዬ ቁጭ ብለው ሲበሉ ያየ ሰው የለም። አንዱን እያጎረሱ፣ ሌላዋን እያባበሉ፣ በስልክ ደግሞ እርዳታ እየለመኑ ይውላሉ። «ኧረ እትዬ፣ ትንሽ አረፍ ይበሉ» ስላቸው፣ «ስሞት አርፋለሁ፣ ምን አስቸኮለሽ» ይሉኛል። ያበግኑኛል! ንዴቴን የምወጣው አንሶላው ላይ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ኮሪደሩ ላይ ተዝለፍልፈው ወደቁ። ሐኪሙ ልባቸው ደክሟል፣ ካላረፉ አይተርፉም አለ። የቦርዱ ሰብሳቢም እኛን ሰብስቦ አስጠነቀቀ፦ «ቤታቸው ይረፉ። ስለ ሥራ አንድም ነገር እንዳታነሱባቸው።» እሺ አልን። እንዲድኑልን ነዋ።

ሳምንት አለፈ፣ ሌላም ተከተለ። የደወለ የለም፣ የሄደም የለም። ጉድ እኮ ነው! ሰው ብቻውን እንዳይሆን ተብሎ ደሞዝ የሚከፈለን ሰዎች ነን። አንድ አዛውንት ለብቻቸው ምሳ ሲበሉ ካየን ሮጠን አጠገባቸው እንቀመጣለን። እትዬን ግን እረፍት ላይ ናቸው ብለን ተውናቸው።

ሆዴ አልችል ሲለኝ ሄድኩ። ገና ሳላንኳኳ በሩን ከፈቱት። ኮቴ ሲያዳምጡ ነበር ማለት ነው። ክፍሉ ንጹሕ ነው፣ ግን ጭር ያለ። ያለው ወንበር አንድ ስለሆነ እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«ዓይነ ስውሩ አባባ ምግብ እሺ ይላሉ?» አሉኝ።

«ስለ ሥራ እንዳታወሩ ተብለናል፣ እትዬ።»

«ጣሪያውስ ማፍሰሱን ተወ?»

«ኧረ እትዬ፣ ከእንጀራዬ ሊያፈናቅሉኝ ነው?»

ሳቅ አሉ። ሌላ ወሬ ብፈልግ አጣሁ። ለካስ ይህን ሁሉ ዓመት አብረን ስንሠራ ስለ አዛውንቶቹና ስለ አንሶላ እንጂ ሌላ አውርተን አናውቅም። ማናችንም ያልመጣነው ለዚህ ነው፤ ከሥራው ውጪ የምንላቸው ነገር አልነበረንም። አፈርኩ። ጨነቀኝና፣

«እህት ወንድም አለዎት?» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ።

«አንዲት ታናሽ እህት ነበረችኝ» አሉ። «የምትደውለው ምሳ ሰዓት ላይ ነው። ‹እያበላሁ ነው፣ ኋላ እደውልልሻለሁ› እላታለሁ። ሁልጊዜ እንደዚያው። መታመሟን የሰማሁት ለቀብሯ ሲጠሩኝ ነው።»

እንባቸው ወረደ፤ እኔም አብሬ አለቀስኩ።

«ምን ልትለኝ ትደውል እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም» አሉኝ።

እዚያው አልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጥኩ መሸ።