ግማሽ ካብ

ይህን ነገር ለነፍስ አባቴ እንኳ ነግሬ አላውቅም። ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ ረቡዕን የገደፍኩበትን ቀን ሳይቀር ዘርዝሬ ተናዝዣለሁ፤ እዚህች ላይ ስደርስ ግን አፌ ይያዛል። ባለቤቴም ሳይሰማት ሞተ። ልጆቼም አያውቋትም። እንግዲህ እናንተ የምታነቡት ስሙኝ። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ በለቀምኳት ፊደል ነው የምጽፈው፤ ፊደሉ ቢንጋደድም ነገሩ አይንጋደድም።

እፉኝቱን ወደ ያልጋነሽ ጓሮ የሰደድኩት እኔ ነኝ። ሲገባ አይቼ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። በእኔ ጥፋት ሌላ ሰው ስትወቀስ ቁጭ ብዬ ያየሁትም እኔ ነኝ።

ቤቴ ከቢቸና ወጣ ብሎ ነው፤ በእግር አንድ ሰዓት አይሞላም። ጓሮዬን እወዳታለሁ፤ ጎመኑም ቃርያውም ጌሾውም አለኝ። ግን ጓሮ ያለው ሰው እባብ አለው። ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ ሲበረታ ድንጋይ ላይ ሊሞቅ ይወጣል፣ ከጎመኑ ሥር ይተኛል፣ እንቁላል ልታነሺ እጅሽን ስትሰጂ ከዶሮዋ ቀድሞ እሱ ይጠብቅሻል። ስንቱን ገደልኩ፤ አይጥ በልቶ የሚሄደውን ምስኪኑንም ሳልለይ ገድያለሁ። ከተማ ያሉት ልጆቼ በስልክ ነጭ ሽንኩርት ትከይ፣ ሽታውን ይሸሻል ይሉኛል። ተከልኩ። ነጭ ሽንኩርቱ ሥር ተጠቅልሎ ተኝቶ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ ምክር የሚሰጠኝን ሰው ሁሉ መስማት ትቻለሁ።

ያልጋነሽ ጎረቤቴ ናት፤ እኩያዬም ናት። ወደዚህ መንደር በሙሽርነት የመጣነው በአንድ ዓመት ነው። በሁለታችን ጓሮ መካከል ወገብ የሚደርስ የድንጋይ ካብ አለ። አማቶቻችን ካቡን ሲያካፍሉን፣ መሐሉ ላይ የበቀለችውን ግራዋ ምልክት አደረጉ። ከግራዋዋ በላይ ያለው የእኔ፣ በታች ያለው የእሷ። ክረምት ሲወጣ እያንዳንዳችን የድርሻችንን ሣር እናጭዳለን፤ የላላውን ድንጋይ አንሥተን እንደገና እንክባለን። እንዲህ ካልተደረገ ካብ የእባብ ቤት ነው።

ያልጋነሽ ሰነፍ አልነበረችም። ፈታይ ነበረች። በዚህ አካባቢ ጋቢ የለበሰ ሰው ሁሉ የያልጋነሽን ፈትል ለብሷል ብል አልዋሸሁም፤ ክሯ እንደ ፀጉር ነበር የሚቀጥነው። እንዝርቷን ከያዘች ግን ካብ ቢፈርስ ቀና አትልም። ሦስት ዓመት ሙሉ የእሷንም ድርሻ እያጉረመረምኩ አጸዳሁላት። በአራተኛው ዓመት ካቡን ተደግፌ፣ ዘንድሮ የራስሽን ራስሽ አጽጂ አልኳት።

«እባብ ያየ በልጥ በረየ አሉ» አለችኝ እንዝርቷን እያሾረች። «አንቺ እኮ ልጡንም ገድለሽ አትጠግቢም። እደርስበታለሁ፣ እባቡ የት ይሄድብሻል?»

ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ድርሻ ድርሻ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ የሚያንገበግበኝ ነገር ቢኖር ሰው የራሱን ሸክም በሌላው ትከሻ ላይ አድርጎ ሲሄድ ማየት ነው። ሰዉም ይህንን ጠባዬን ስለሚያውቅ እህል ሲካፈል፣ ድንበር ሲለካ ይጠራኛል። «እትዬ ሙሉ ካለች ቀጥ ያለ ነው» ይላሉ። ይህንን ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ሲሉኝ የት ልግባ እላለሁ።

በዚያ ዓመት ጥቅምት ውስጥ፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ የእኔን ድርሻ ላጸዳ ተነሣሁ። ሣሩን አጨድኩ። ያረጀ የጎማ ጫማ ቆራርጬ ከበርበሬ ዛላ ጋር በድንጋዩ መሐል እያስገባሁ አጨስኩ፤ ይህን ጭስ የሚችል እባብ የለም። ከላይ ጀምሬ ወደ ታች፣ ወደ ግራዋዋ እያጨስኩ ወረድኩ። ሰው ቢኖርና ከታችም ቢያጨስ ኖሮ እባቡ መሐል ላይ ይያዝ ነበር። ድሮ የምናደርገው እንደዚያ ነበር፤ አንዷ ከላይ፣ አንዷ ከታች። በዚያን ቀን ግን አልጠራኋትም። ለምን እጠራታለሁ? ተነግሯታል አይደል?

ከግራዋዋ ክንድ በማይሞላ ርቀት ወጣ። እፉኝት ነው። እንደ ክንዴ የወፈረ፣ አጭር፣ የአመድ ቀለም ያለው። በጭሱ ሰክሮ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። ዱላዬ በእጄ ነበር። አንድ ምት ይበቃው ነበር። ግራዋዋ ጋ ሲደርስ ቆመ፤ ከዚያም ተሻግሮ ጥቂት በካቡ ላይ ሄደና ወደ ያልጋነሽ ዱባ ወረደ። ሰፋፊው ቅጠል ሲነቃነቅ አየሁ፣ ከዚያ ጸጥ አለ።

ዱላዬን አወረድኩ። ከዚህ ወዲያ የእኔ አይደለም አልኩ። እንዲህ ነው ያልኩት፤ በልቤ ሳይሆን በአፌ ነው ያልኩት። ገብቼ እጄን ታጠብኩ።

ምን አስቤ ነበር? በሐሳቤ ያየሁትን ልንገራችሁ እንጂ ሰበብ አላቀርብም። ታየዋለች፣ ትጮኻለች፣ ሮጣ መጥታ እትዬ ሙሉ ድረሽልኝ ትለኛለች፣ እኔም ዱላዬን ይዤ እየሄድኩ፣ እንዳልኩሽ አይደል እላታለሁ፤ ያሰብኩት ይህንን ነው። ሞቷን አልተመኘሁም። ግን እፉኝት አንቺ እስክታይው ይጠብቃል እንዴ? በጓሮ ውስጥ ያረጀሁ ሴት ይህን አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር።

ሁለት ቀን ነበረኝ። አንድ ቃል የሚወጣበት ሁለት ቀን! ሐሙስ ጠዋት ከምንጭ ስመለስ የያልጋነሽን ምራት እናኑን አገኘኋት። ያኔ የልጇ የስማቸው ሚስት ነበረች፤ ከመጣች ገና ሁለት ዓመቷ ነው። ያን ሰሞን ከባሏ ጋር ገብስ አጨዳ ላይ ስለዋለች ፊቷ በፀሐይ ተልጧል። እንስራዋን እንዳዘለች ጎንበስ ብላ ሰላምታ ሰጠችኝ።

«እትዬ፣ ትናንት ምን ነበር ያጨሱት? ሽታው ሜዳው ድረስ መጣብን» አለችኝ።

«ቆሻሻ ነው» አልኳት።

ይህችን ቃል ስንት ጊዜ መልሼ እንደሰማኋት እኔና እግዜር እናውቃለን። ቆሻሻ ነው። እባብ ነው ብዬ ቢሆን ኖሮ! ልጅቷ ጠይቃኝ ነበር እኮ። አፍ አውጥታ ጠይቃኝ ነበር።

ዓርብ ረፋድ ላይ ያልጋነሽ ለጾም የሚሆን ዱባ ልትቆርጥ ቅጠሉን ገለጥ ስታደርግ ቀኝ እጇን ነደፋት። ጩኸቷን ሰምቼ ቀድሜ የደረስኩት እኔ ነኝ። እፉኝቱን በአንድ ምት ገደልኩት፤ አያችሁ፣ አንድ ምት ይበቃው ነበር። መቀነቴን ፈትቼ ክንዷን አሰርኩ። በቃሬዛ አውጥተን፣ በባጃጅ አድርገን ቢቸና አደረስናት። መንደሩ ሁሉ እትዬ ሙሉ ባትኖር ኖሮ ብሎ መረቀኝ። ምርቃቱን ተቀበልኩ። አሜን አልኩ።

ነፍሷ ተረፈች። እጇ ግን ጠቁሮ፣ አብጦ፣ በመጨረሻ ሌባ ጣቷና መሐል ጣቷ ተቆረጡ፤ አውራ ጣቷም አልታጠፍ አለ። በወሯ ወደ ቤቷ ስትመለስ መጀመሪያ ያደረገችው እንዝርቷን ማንሣት ነው። ሦስት ጊዜ ወደቀባት። በአራተኛው እኔ አንሥቼ መደብ ላይ አስቀመጥኩላት። ያኔም አልተናገርኩም።

ሰው ሲመረው የሚወቅሰው ይፈልጋል። ያልጋነሽ እናኑን አገኘች። ዱባውን አርሚ ብያት ነበር፣ ሳታርመው ነው የተነደፍኩት አለች። በወር ውስጥ ነገሩ እሷ ባለችበት ቤት እህል አልቀምስም እስከማለት ደረሰ። ስማቸው በእናቱና በሚስቱ መካከል ቆሞ የሚይዘውን አጣ። ሽማግሌ ተቀመጠ። ሦስት ወንዶች፤ አራተኛዋ እኔ። ጎረቤት ናት፣ ፍርድ አዋቂ ናት ተብዬ።

የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ አያ ይበልጣል ሊያስታርቁ ነበር የፈለጉት። መጀመሪያ እኔን ጠየቁኝ። ጓሮው አረም ነበረበት ወይ? ነበረበት አልኩ። ልጅቷ እንድታርም ተነግሯት ነበር ወይ? ተነግሯት ነበር፣ በካቡ ማዶ ሰምቻለሁ አልኩ። ሁለቱም እውነት ነው። ከእውነቱ ላይ አንዲት ነገር አልጨመርኩም። እባቡ ከየት መጣ ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም ያልተጠየቅሁትን ምን ቆርጦኝ አልኩ። የሚያሳርረኝ ይህ ነው። ዕድሜ ልኬን ሚዛን የሚያጎድልን ሰው ስሰድብ የኖርኩ ሴት፣ እውነትን ለሁለት ቆርሼ የሚጠቅመኝን ሰጠኋቸው፣ የሚያጋልጠኝን ደበቅሁ።

እናኑ ቀና ብላ አየችኝ። ታስታውሳለች፣ የጭሱን ነገር ታነሣለች ብዬ ፈራሁ። አላነሣችም። ቆሻሻ ነው ብያት የለ? አምናኛለች።

«እትዬ ሙሉ ካሉ ልክ ነው» አለች። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ገብሱን ትቼ ማረም ነበረብኝ።»

ነገሩ በዚሁ አለቀ፤ ትዳሩም ፈረሰ። ልብሷን በአንድ ከረጢት ከትታ ሞጣ ወዳለችው እኅቷ ሄደች። ስማቸው ሌላ አገባ፤ አሁን ሦስት ልጆች አሉት።

እኔስ? እኔ ኖርኩ። ጎመን ተከልኩ፣ እባብ ገደልኩ፣ ሰው አስታረቅሁ። እግዜር ይቀጣኛል ብዬ ስጠብቅ ጓሮዬ ከዓመት ዓመት እየለመለመ ሄደ። ይህም ያናድደኛል።

ዘንድሮ ጾመ ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት ለዘመድ ተዝካር ሞጣ ሄድኩ። ገበያ ዳር፣ ከጨርቅ ነጋዴዎቹ ጎን፣ አንዲት በርበሬና ቅመም የምትሸጥ ሴት ከመቀመጫዋ ተነሥታ ጉልበቴን ልትስም አጎነበሰች። እናኑ ናት። አላገባችም። ካልገቡ ብላ እጄን ይዛ ቤቷ ወሰደችኝ።

ጊቢዋን ሳይ ደነገጥኩ። ሞጣ እንዲያ ለምለም ከተማ ሆና፣ የእሷ ጊቢ እንደ አውድማ ነው። አንዲት ቅጠል የለችም። ሣር የለም፣ የጎመን ግንድ የለም። በጎረቤቶቿ አጥር ላይ የሚንጠለጠለውን ሐረግ እንኳ ከወዲህ በኩል እየቆረጠች ትጥለዋለች። ምነው ጌሾ ቢጤ እንኳ አትተክይም አልኳት።

«አልችልም እትዬ» አለች። «ቅጠል ባየሁ ቁጥር የእማማ ያልጋነሽ እጅ ይታየኛል። በየጠዋቱ ነው የምጠርገው።» ከዚያ እንጀራውን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ፣ «ያኔ ሁሉም ሲጨምርብኝ፣ ሳይጨምሩ የተናገሩት እርስዎ ብቻ ነበሩ። እስከ ዛሬ እመርቅዎታለሁ» አለችኝ።

 በዚያች ሰዓት መናገር ነበረብኝ። የእኔ ነው፣ አንቺ አይደለሽም ማለት ምን ያህል ቃል ነው? ውሃ ጠጣሁ። አመሰገንኩ። ሚኒባስ ያመልጠኛል ብዬ ወጣሁ። ሁለተኛ በደልኳት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የገዛ ራሴ ነገር ሰለቸኝ። ተነሣ ሲሉት የማይነሣ በሬ ሆኖብኛል። አንድ ቀን ለያልጋነሽ ልነግራት ገብቼ፣ ስለ ዝናቡ አውርቼ ወጣሁ። ሁለተኛ ቀን ገብቼ የሞተ ዘመዷን አንሥቼ አስለቅሻት ወጣሁ። በሦስተኛው ነገርኳት። ባለፈው ሰኞ ነው። ጣት የሌለበትን እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

 ስጨርስ፣ «የእኔን እጅስ ተይው» አለችኝ። «ያቺን ልጅ በምን አፌ ነው የምጠራት?»

ቤቴ ገብቼ ወረቀት አነሣሁ። 

ስለዚህ ይህን ጽፌአለሁ። ቅዳሜ ሞጣ እሄዳለሁ። በፊቷ ምላሴ ቢተሳሰር ወረቀቱን እሰጣታለሁ፤ ሁለተኛው ቅጂ ለእድራችን ሰብሳቢ ተሰጥቷል፣ እሑድ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ያነቡታል። ፈርቼ ሳልነግራት ብመለስ እንኳ መደበቂያ እንዳይኖረኝ ነው። አሮጊት ናት፣ ተዉአት እንዳትሉኝ። በመቀነቷ አስራ አዳነቻት እንዳትሉኝ። እባብ ባለቤት የለውም እንዳትሉኝ፤ ለዚያ እባብ ባለቤቱ እኔ ነበርኩ።

አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። እናኑ ይቅር ካለችኝ የራሷ ቸርነት ነው። አልልም ካለች ግን፣ ለመስቀሉ ብለሽ፣ ለሽበቷ ብለሽ የሚል ሽማግሌ ማንም እንዳይልክባት። አንድ ጊዜ ሽማግሌ ተቀምጦባታል፤ ይበቃታል።